ጣልያንኛን ከደብተር ይልቅ ከኑሮ የተማራችሁ፣ እስቲ ከየት ጀመራችሁ?

ቦሎኛ_አዲስገቢ (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለዚህ ቤት። ቦሎኛ ከገባሁ 9 ወር ሆነኝ። ባለቤቴ እዚህ ነው የሚሠራው፣ እኔ በቤተሰብ ቪዛ መጣሁ። ማታ ማታ ለአዋቂዎች የሚሰጠውን ነፃ የመንግሥት ኮርስ እማራለሁ፣ ቺፒያ የሚሉትን። አስተማሪያችን ጎበዝ ናት። ደብተሬም ሞልቷል። ግስ አርቢ ብትሉኝ አረባለሁ።

ችግሩ ከቤት ስወጣ ነው። ትናንት ጠዋት ቡና ቤት ገብቼ ባንኮኒው ጋ ቆምኩና ማኪያቶ አልኩ። ልጁ ፈጠን ብሎ አንድ ነገር ጠየቀኝ፣ «ካልዶ ኦ ፍሬዶ?» ያለኝ መሰለኝ። ቃሎቹን አውቃቸዋለሁ፣ ትኩስና ቀዝቃዛ ናቸው፣ ግን ለምን እንደሚጠይቀኝ ስላልገባኝ ዝም አልኩ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። የመጣልኝም የአዲስ አበባው ማኪያቶ አይደለም፣ በትንሽዬ ሲኒ ጥቁር ቡና ላይ ወተት ጠብ ያለበት ነው። ጠጥቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ እንባዬ መጣ።

ኮርሱን አልተውም። ግን ቋንቋው ከሰዎቹ አኗኗር ጋር አብሮ እንዲገባኝ ነው የምፈልገው። ቡናቸው፣ ምግባቸው፣ በዓላቸው፣ ሰላምታቸው። እናንተ እንዴት ለመዳችሁ?

ባንኮኒ_ሮማ

እህቴ አይዞሽ፣ ሁላችንም ያለፍንበት ነው። ሮም ቡና ቤት ውስጥ ስሠራ 11 ዓመቴ ነው። ከባንኮኒው ማዶ ቆሜ የማየውን ልንገርሽ።

ማኪያ ማለት ነቁጥ ነው። ካፌ ማኪያቶ የወተት ነቁጥ ያረፈበት ቡና ማለት ነው። ካልዶ ካልሽ ትኩስ ወተት፣ ፍሬዶ ካልሽ ቀዝቃዛ ወተት ጠብ ያደርግልሻል። ልጁ የጠየቀሽ ይህንን ነው። የኛ ሀገሩ ነጣ ያለ ማኪያቶ ከናፈቀሽ ላቴ ማኪያቶ በይ። ላቴ ብቻ ካልሽ ግን አንድ ብርጭቆ ወተት ነው የሚቀርብልሽ። ካፌ ብቻ ካልሽ ደግሞ ያቺው ትንሿ ጥቁር ቡና ናት፣ ኤስፕሬሶ ብሎ የሚያዝ እዚህ እምብዛም የለም።

ከዚህ በላይ ግን ሥርዓቱ ነው የሚያስተምርሽ። እኔ መጀመሪያ የምሰማው ትዕዛዝ ሳይሆን ሰላምታ ነው። ቦንጆርኖ ብሎ የገባ ሰው ቋንቋው ቢሰባበርም እጠብቀዋለሁ። ባቡር ጣቢያና ሰው የሚበዛበት ቦታ መጀመሪያ ካሳው፣ ማለትም ገንዘብ መቀበያው ጋ ከፍለሽ ስኮንትሪኖ፣ ማለትም ደረሰኝ ትቀበያለሽ፣ እሱን ባንኮኒው ላይ አድርገሽ ታዢያለሽ። የሰፈር ቡና ቤት ግን ጠጥተሽ ስትወጪ ነው የምትከፍይው። ቁጭ ብለሽ ከጠጣሽ ዋጋው ሊጨምር ይችላል፣ ስለዚህ ሰዉ ቆሞ ይጠጣል። ካፑቺኖ የጠዋት ነገር ነው፣ ከምሳ በኋላ ሲታዘዝ ይገርማቸዋል። እዚህ ሮም ኮርኔቶ የምንለውን ደግሞ ሚላኖ ብሪዮሽ ይሉታል። ያው ከቡና ጋር የሚበላው ጣፋጭ ዳቦ ነው።

ምክሬ አንድ ነው። አንድ ቡና ቤት ምረጪ። ሁልጊዜ እዚያው፣ ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት ሂጂ። አንድ ቀን ሳታዢ በፊት «ኢል ሶሊቶ?» ይልሻል፣ «የተለመደው?» ማለቱ ነው። ያን ቀን መጥተሽ እዚህ ጻፊልን።

ጋሽ_ካቻቢቴ

ልጄ፣ እኔ ቶሪኖ ነው የምኖረው፣ ጡረታ ወጥቻለሁ። መካኒክ ነበርኩ። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግኩት።

እዚህ ሥራ የጀመርኩ ቀን ከሰላምታ በቀር ጣልያንኛ አላውቅም ነበር። ካፖው መኪና ስር ተኝቶ እጁን ዘረጋና «ካቻቪቴ!» አለ። ካቻቢቴ አቀበልኩት። «ፒንሳ!» አለ። ፒንሳ ሰጠሁት። ቀና ብሎ አየኝ። ጣልያንኛ ትችላለህ እንዴ አለኝ መሰለኝ፣ አልገባኝም። ግን ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ካንዴላ፣ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ ሁሉም እዚያው ነበሩ። ከጋራዡ ውጭም አሉ። ታርጋ ታርጋ ነው። ቦሎ እዚህ ቦሎ ነው፣ የመኪና ዓመታዊ ግብር ነው። አውቶቡስ የምትጠብቂበት ፌርማታ ፌርማታ ነው። ጋቢና ካቢና ነው። ባንኮኒ፣ ቱቦ፣ ላሜራ፣ ፌሮ፣ ሊሾ፣ ቦርሳ፣ ጓንት፣ ካልሲ፣ ፋብሪካ፣ ጋዜጣ፣ ከረሜላ፣ ቆስጣ።

አንድ ደብተር ያዢና ከአማርኛሽ ውስጥ ጣልያንኛውን ልቀሚ። ግን እያንዳንዱን አጣሪ። ኮርኒስ እኛ ጋ ጣራው ስር ያለው ነው፣ እነሱ ኮርኒቼ ሲሉ የሥዕል ክፈፍ ነው ብዙ ጊዜ። ፍሬቻ የመኪና መብራት ብቻ አይደለም፣ ዋና ትርጉሙ ቀስት ነው። ቻው እኛ ስንለያይ ነው የምንለው፣ እነሱ ሲገናኙም ይሉታል፣ ያውም ለቅርብ ሰው ብቻ። ይህን ሳላውቅ ለአንድ ሽማግሌ ሐኪም ቻው ብዬ ገብቻለሁ። ፊታቸው ሲቀየር አይቻለሁ።

ፊደል_ወዳጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ይህን ዝርዝር ኮፒ አደረግኩት።

ከቃላቱ በላይ ግን አማርኛ ተናጋሪ ለጣልያንኛ የተዘጋጀ ጆሮ አለው ባይ ነኝ። ማጥበቅና ማላላትን ውሰዱ። እኛ ገና ብለን ስናጠብቀው በዓሉ ነው፣ ስናላላው ጊዜው አልደረሰም ነው። ዋና ሲጠብቅ ቁም ነገሩ ነው፣ ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው። ጣልያንኛም እንደዚያ ነው። ፓላ ሲጠብቅ ኳስ፣ ሲላላ አካፋ። ኖኖ ሲጠብቅ አያት፣ ሲላላ ዘጠነኛ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ለመስማት ዓመት ይፈጅባቸዋል። እኛ ከእናታችን ጓዳ ይዘነው ወጥተናል። እንዲያውም እነሱ ፊደሉን ደግመው ስለሚጽፉት ለኛ ይቀላል፣ በግዕዝ ፊደል ማጥበቂያ ስለሌለ የራሳችንን ነው በግምት የምናነበው። እድሜሽን ስትናገሪ «አኒ» የሚለውን አጥብቂው፣ ካላላሽው በሰው ፊት የማይጠራ የአካል ክፍል ይሆናል። ች፣ ጅ፣ ኝም አሉን። ሲኞራ ለማለት ማን ይቸገራል?

ሌላው አክብሮት ነው። ጣልያን የሚያከብረውን ሰው «ሌይ» ይለዋል። ሌይ ማለት «እሷ» ማለት ነው። ወንድም ይሁን ሴት ግሱ የ«እሷ» ግስ ይሆናል። ክፍል ውስጥ ብራዚላዊውም ቻይናዊውም ይህን ሲሰማ ግራ ሲጋባ አይቻለሁ። እኛ ግን ቀድሞውንም የምናደርገው ነው። «እርስዎ መጡ» ስንል ግሱ የ«እነሱ መጡ» ግስ ነው። ሰውን ስናከብር ፊት ለፊት አንጠራውም፣ ዞር ብለን በሌላ መደብ እንጠራዋለን። እኛ በብዙ ቁጥር፣ እነሱ በእሷ። ይህ የገባኝ ቀን ሌይ ለዘላለም ተተከለልኝ። የሙሶሊኒ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1938 ሌይ ይቅር፣ ሁሉም «ቮይ»፣ ማለትም «እናንተ» ይበል ብሎ አዝዞ ነበር። አልሆነለትም፣ ሌይ እስከ ዛሬ አለ። ቮይ ደቡብ ውስጥ ዛሬም ይሰማል፣ ያ ግን ከትዕዛዙ በፊትም የነበረ የሀገሬው ልማድ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ «አንቱ» በምትዪው ሰው ሁሉ ላይ ሌይ በይ። አትሳሳቺም።

ቦሎኛ_አዲስገቢ

የእርስዎና የሌይ ነገር!! አስተማሪያችን 2 ሳምንት ደክማ ያልገባኝን በ5 መስመር አስረዳኸኝ። ጋሼ፣ የእርስዎን ዝርዝር ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ እሱም ኮሞዲኖ፣ ማልያ፣ ሳልሳ፣ ፎርማጆ ብሎ ጨመረበት።

የፒያሳ_ልጅ

ክሩ ደስ ይላል፣ ግን አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልቻልኩም። ከነዚህ ቃላት ብዙዎቹ ወደ እኛ የገቡት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በወረራው ዘመን ነው። ካሳንቺስ የሚለው ስም ራሱ ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሚሠራው ተቋም ምህጻረ ቃል የመጣ ነው። አያቴ ጣልያንኛ ይሰሙ ነበር፣ ግን አንድም ቀን አይናገሩትም። የካቲት 12ን ያስታውሱ ነበር። እኔ አትማሩት አልልም። የመጣበት መንገድ ግን አይረሳ።

ባንኮኒ_ሮማ

ወንድሜ፣ ልክ ነህ። እኔም ቋንቋውን በደንብ ስችል ነው ይህ ነገር ይበልጥ የታየኝ። ጣልያኖች ነገር ሲተረማመስ «ኬ አምባራዳን!» ይላሉ። ትርምስምስ ማለታቸው ነው። ይህን ቃል ደንበኞቼ በቀን ስንቴ ይሉታል። ቃሉ አምባ አራዳም ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1936 የኛ ሰዎች በቦምብና በመርዝ ጋዝ ያለቁበት ተራራ። አብዛኞቹ ከየት እንደመጣ አያውቁም። አንድ ቀን ለአንድ ወጣት ደንበኛዬ ነገርኩት። ሲኒውን አስቀመጠና ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ እኔ ፊት ብሎት አያውቅም።

ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ትልቅ አደባባይ ደግሞ ፒያሳ ዴይ ቺንኬቼንቶ ይባላል፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለተገደሉት ወታደሮቻቸው የተሰየመ ነው። አበሻው እዚያ ይቀጣጠራል፣ ሻንጣውን እዚያ ይጎትታል፣ ስሙን ግን ብዙው ሰው ቁጥር ብቻ ነው የሚመስለው። የመንገድ ስም እያነበባችሁ ተማሩ የምለው ለዚህ ነው።

የናፖሊ_እማማ

ልጆቼ፣ እኔ ናፖሊ 20 ዓመት አለፈኝ። አረጋውያን እንከባከባለሁ፣ ባዳንቴ የሚሉት ሥራ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ያስተማሩኝ የምጠብቃቸው ሴትዮ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። 84 ዓመታቸው ነበር ስጀምር።

ቁጥር ያስቸግረኝ ነበር። በተለይ ሴሳንታና ሴታንታ፣ 60ና 70። መድኃኒት ቤት ዋጋ ሲነግሩኝ አንዱን ለሌላው እሰማለሁ። የመጀመሪያው ገና ሲደርስ ቤተሰቡ ሁሉ ኩሽና ተሰበሰበ። ጠረጴዛው ላይ ያረጁ የካርቶን ካርዶች ተዘረጉ፣ ጠርዛቸው የተበላ። እያንዳንዱ ላይ 15 ቁጥር አለ። አንድ ሳህን ደረቅ ባቄላ መሐል ተቀመጠ። ሴትዮዋ ትንሿን ቅርጫት ይዘው ነቅነቅ እያደረጉ ከ1 እስከ 90 ካሉት ቁጥሮች አንድ አንድ ያወጣሉ። ጮክ ብለው ይጠራሉ። ካርድሽ ላይ ካለ ባቄላ ታስቀምጪበታለሽ። በአንድ መስመር 2 ከገጠመ አምቦ፣ 3 ቴርኖ፣ 4 ኳቴርና፣ 5 ቺንኩዊና። ካርዱን የሞላ ቶምቦላ ብሎ ይጮኻል። አዎ፣ የኛው ቶምቦላ።

ናፖሊ ደግሞ ቁጥሩ ሁሉ ስም አለው። 25 ገና ነው። 33 የክርስቶስ ዕድሜ። 90 ፍርሃት፣ ላ ፓውራ። ሴትዮዋ «ኖቫንታ!» ሲሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ላ ፓውራ!» ይላሉ። እኔ ባቄላዬን እጄ ውስጥ ይዤ ጆሮዬን ጥዬ ስጠብቅ አመሸሁ። የሚቀረኝ አንድ ቁጥር ነበር፣ 76። ሴታንታሴይ ሲሉ ሴሳንታሴይ እንዳይሆንብኝ ከንፈራቸውን አየሁ። ቶምቦላ አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲያ እነዚህን ሁለቱን አምታትቼ አላውቅም።

ልጄ፣ አንቺም ገና ላይ ቢጠሩሽ እምቢ አትበይ። ደጃፍ ስትደርሺ «ፔርሜሶ» በይ። እኛ «ቤቶች!» እንደምንለው ነው። «አቫንቲ» ካሉሽ በኋላ ግቢ። ሳትዪው ከገባሽ ግን ባለጌ ትሆኚባቸዋለሽ።

ዲሴምበር 31 ምስር ያቀርቡልሻል፣ ለአዲሱ ዓመት ገንዘብ እንዲበዛ ነው ይላሉ። ጃንዋሪ 6 ደግሞ ቤፋና ናት፣ አሮጊቷ። ለጎበዝ ልጅ ካልሲው ውስጥ ከረሜላ፣ ላጠፋ ልጅ ከሰል ታስቀምጣለች፣ ከሰሉም ከስኳር የተሠራ ነው። «ሌፒፋኒያ ቱቴ ለ ፌስቴ ፖርታ ቪያ» ይላሉ፣ ቤፋና በዓሉን ሁሉ ጠቅልላ ትወስዳለች ነው። የኛ ገና በማግሥቱ ስለሆነ እነሱ ሲዘጉ እኛ እንጀምራለን። ይህንን ለሴትዮዋ ስነግራቸው በጣም ደስ ይላቸው ነበር።

ሰርተፍኬት_ፈላጊ

እማማ፣ እንዴት ያለ ታሪክ ነው።

ግን ለእህታችን እውነቱ ይነገራት። ቡና ቤትና ቶምቦላ ፈተና አያሳልፍም። ለረጅም ጊዜ መኖሪያ ፈቃድ ኤ2 የሚባለው የቋንቋ ደረጃ ይጠየቃል። ለዜግነት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018ቱ ሕግ ወዲህ ከፍ ያለው ቢ1 ያስፈልጋል። ቺልስ፣ ቼሊ፣ ፕሊዳ ከሚባሉት አንዱን ትፈተኛለሽ። እኔ 6 ዓመት ገበያ ውስጥ ሠርቼ አፌ ተፈትቶ ነበር። ፈተናው ላይ የጽሑፉ ክፍል ጣለኝ። ቃሉን ስናገረው እችላለሁ፣ ስጽፈው የትኛው ፊደል እንደሚደገም አላውቅም። በሁለተኛው ነው ያለፍኩት፣ ያውም 8 ወር ሰዋስው አጥንቼ። ስለዚህ ኮርሱን አጥብቀሽ ያዢ። ፈተና ስትሄጂ «ኢን ቦካ አል ሉፖ» ይሉሻል፣ ወደ ተኩላው አፍ እንደማለት ነው፣ መልካም ዕድል መመኘታቸው ነው። «ክሬፒ» ብለሽ መልሺ። ግራትሲዬ አይባልም ይላሉ የድሮ ሰዎች።

ሳህን_ጠራጊዋ

እኔም ቦሎኛ ነኝ! 14 ዓመቴ። የኛ ከተማ ቋንቋ ያለው ኩሽና ውስጥ ነው። ጎረቤትሽ አሮጊት ከሆነች ሊጥ ስትዳምጥ ለማየት ለምኛት። ዱቄቱ 100 ግራም፣ እንቁላሉ 1፣ በሰው ልክ ነው የሚቆጠረው። የሚዳመጥበት ረጅም እንጨት ማታሬሎ ይባላል። እዚህ ታሊያቴሌ፣ ረጅሙ ጠፍጣፋ ፓስታ፣ ቀልድ አይደለም። ስፋቱ ሲበስል 8 ሚሊሜትር መሆን አለበት ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1972 ልኩ ንግድ ምክር ቤቱ ዘንድ ተመዝግቧል። ራጉ፣ የሥጋው ስጎ፣ ደግሞ ስፓጌቲ ላይ አይደረግም፣ ይህን እዚህ ከተማ እንዳትዪ።

ራጉ ስትሠራ መጀመሪያ ሶፍሪቶ ነው። ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ሴዳኖ (ሴለሪ) በቀስታ ይቁላላል። «ፒያኖ፣ ፒያኖ» ትልሻለች፣ ቀስ በይ ማለት ነው። የኛ እናቶች ሽንኩርት ሲያቁላሉ የሚሉትን ነው ቃል በቃል የምትሰሚው። ጨው ስንት? ስትያት «ኳንቶ ባስታ» ትላለች፣ የሚበቃውን ያህል። የምግብ አሠራር ጽሑፍ ላይ ኩ ነጥብ ቢ ነጥብ ተብሎ የምታዪው እሱ ነው። እኔ ትእዛዝ አንቀጽን የተማርኩት ከዚህ ነው። ቁረጪ፣ አማስዪ፣ ቅመሺ፣ ክደኚ። ደብተር ላይ የጻፍኩት አንድም የለም።

በልታችሁ ስትጨርሱ ሳህኑ ላይ የቀረውን ስጎ በዳቦ ጠርገሽ ብትበዪ ደግሞ ስካርፔታ ይባላል፣ ትንሿ ጫማ ነው ትርጉሙ። በእንጀራ ወጡን ጠርገን እንደምንበላው። መጀመሪያ ቀን ሳደርገው ጎረቤቴ እጇን አጨበጨበች።

ቦሎኛ_አዲስገቢ

ከ3 ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ባንኮኒ_ሮማ፣ ዛሬ ጠዋት «ኢል ሶሊቶ?» አለኝ! ማኪያቶ ካልዶ። በ17ኛው ቀን ነው።

የጎረቤቴን ነገር ልንገራችሁ። ሳህን_ጠራጊዋ እንዳለችኝ ሄጄ ደጃፏ ላይ «ፔርሜሶ» አልኩ። አቫንቲ አለችኝ። 79 ዓመቷ ነው፣ አንቱ የምላት ሰው ናት፣ ሌይ እያልኩ ነው የማወራት። ሊጡን አስዳመጠችኝ። መሐሉ ወፈረብኝ፣ ዳሩ ተቀደደ። እጄን ይዛ አብረን ዳመጥን።

ባለፈው እሁድ እኔ ጠራኋት። ጀበናና ረከቦት ከአዲስ አበባ ይዤ ነው የመጣሁት። ቡናውን እቤት ቆላሁ፣ ጢሱን ወደ አፍንጫዋ በእጇ እየሳበች አሸተተችው። አቦሉን ጠጣች። ልትነሳ ስትል ገና ነው አልኳት። ቶና ቀዳሁ። «ማ ፔርኬ ትሬ?» አለችኝ፣ ለምን ሦስት?

እኔ እንግዲህ ማውራት ጀመርኩ። ፕሪሞ፣ ሴኮንዶ፣ ቴርትሶ አልኳት። በረካ በረከት ነው፣ ቤኔዲትሲዮኔ ነው አልኳት። ጎረቤት ካልመጣ ቡና ብቻውን እንደማይጠጣ፣ እናቴ ትንሽ ልጅ ልካ ሰፈሩን እንደምታስጠራ፣ ጠሪዋ እኔ እንደነበርኩ ነገርኳት። ቃል ሲያጥረኝ በእጄ አሳየሁ፣ እሷ ቃሉን ሰጠችኝ፣ ቀጠልኩ። ባለቤቴ ከሥራ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማኝ ነበር። ሰዓቱን ያየው እሱ ነው። 40 ደቂቃ አውርቻለሁ።

ገና ለቶምቦላ ጠርታኛለች። እማማ፣ ከዛሬ ጀምሬ 66ና 76ን እየተለማመድኩ ነው። ባዶ እጄን መሄድ አልፈልግም፣ ምን ይዤ ልሂድ? ፓኔቶኔ፣ የገና ኬካቸውን፣ ሁሉም ስለሚያመጣ ድፎ ዳቦ ልጋግር አስቤያለሁ፣ ምን ትላላችሁ?

የናፖሊ_እማማ

ድፎውን ጋግሪ ልጄ። ትኩሱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለሽ ውሰጂ። ስትቆርሺው «ኮዛ ኤ?»፣ ምንድን ነው? ማለታቸው አይቀርም፣ ስለ ኮባውም ስለ ጥቁር አዝሙዱም የምትነግሪያቸውን ከዛሬ አዘጋጂ።